የውጭ ንግድ መረጃ ፍለጋ ሲሳሳት፦ ችግርና መፍትሔ

የመረጃ ቋት መክፈት፣ አገርና ዓመት መምረጥ፣ ውጤቱን ወደ ኤክሴል ማውረድ የሚያቅተው አስመጪ ወይም ላኪ ዛሬ ጥቂት ነው። ችግሩ የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው፤ ቁጥሩ ይወጣል፣ ሠንጠረዡ የተሟላ ይመስላል፣ በእሱ ላይ ተመሥርቶ የሚወሰነው ግን ስህተት ይሆናል። ምክር ከሚጠየቅባቸው ብልሽቶች አብዛኞቹ ተመርምረው ሲያበቁ መነሻቸው የኤችኤስ ኮድ (ዕቃዎች በዓለም አቀፍ ንግድ የሚመደቡበት ቁጥር) ሆኖ ስለሚገኝ፣ ሰፊውን ቦታ የሰጠሁት ለእሱ ነው።

ምልክት፦ ገበያው በአንድ ዓመት ውስጥ ድንገት ዜሮ ይሆናል፣ ወይም ያለ ምክንያት ያሻቅባል

መንስኤው በአብዛኛው የኮዱ እትም መቀየር ነው። የዓለም የጉምሩክ ድርጅት የሚያስተዳድረው የኤችኤስ ምደባ እ.ኤ.አ. በ1988 ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ በ1996፣ በ2002፣ በ2007፣ በ2012፣ በ2017 እና በ2022 ተሻሽሏል፤ ቀጣዩ እትም ደግሞ ከጃንዋሪ 1 ቀን 2028 ጀምሮ ይጸናል። በየማሻሻያው አንዳንድ ኮዶች ይሰረዛሉ፣ አንዳንዶቹ ለሁለትና ለሦስት ይከፈላሉ፣ ሌሎቹ ይዋሃዳሉ። ፍለጋውን የሚያካሂደው ሰው ግን ብዙ ጊዜ ይዞ የሚመጣው ከዓመታት በፊት ከተሠራ የጉምሩክ መግለጫ (ዲክላራሲዮን) ላይ የገለበጠውን ኮድ ነው።

የፀሐይ ኃይል ፓነል የሚያስመጣ አንድ ነጋዴ በ8541.40 ሲፈልግ፣ ከ2022 በኋላ የዋነኛ አቅራቢው አገር ወጪ ንግድ ባዶ ሆኖ አገኘው። አቅራቢው አገር ዕቃውን ወደ ውጭ መላክ ያቆመ መስሎት፣ በዋጋ ከሚበልጥ ሌላ ሻጭ ጋር ውል ሊፈርም ደርሶ ነበር። የተፈጠረው ነገር ሌላ ነው፤ በ2022ቱ እትም 8541.40 ተሰርዞ ኤልኢዲ ወደ 8541.41፣ ያልተገጣጠመ የፀሐይ ሴል ወደ 8541.42፣ በፓነል መልክ የተገጣጠመው ደግሞ ወደ 8541.43 ሄዷል። ከዚህ የከፋው ግን ለዓመታት ያመነበት የቀድሞው አኃዝ ነበር፤ አሮጌው ኮድ ኤልኢዲን ጭምር ያቀፈ ስለነበር «የፓነል ገበያ» ብሎ ሲያሰላው የኖረው ድምር የፓነል ብቻ ሆኖ አያውቅም።

በሞባይል ስልክም ይኸው ይደጋገማል። እስከ 2017ቱ እትም ድረስ ሁሉም የሞባይል ስልኮች በ8517.12 ሥር ይመዘገቡ ነበር፤ በ2022 ስማርትፎን ወደ 8517.13፣ ሌላው የሞባይል ስልክ ወደ 8517.14 ተለየ። አዲሱን ኮድ የሚያውቅ አንድ አከፋፋይ 8517.13ን ብቻ ወስዶ ከቀድሞው 8517.12 ጎን ለጎን በመደርደር «ገበያው እየጠበበ ነው» የሚል ጥናት አዘጋጅቶ ለባንክ አቅርቧል። ግማሽን ከሙሉ ጋር ማወዳደር ነው፤ ብድሩ በዚህ ጥናት ላይ ተመሥርቶ ቢወሰን ኖሮ ጉዳቱ የሚያርፈው በእሱ ላይ ነበር።

መፍትሔው ቅደም ተከተል አለው። በመጀመሪያ ኮዱ በየትኛው እትም እንደተጻፈ ይረጋገጥ። የዓለም የጉምሩክ ድርጅትና የተባበሩት መንግሥታት የስታቲስቲክስ ክፍል አሮጌውን እትም ከአዲሱ ጋር የሚያዛምዱ ሠንጠረዦችን በነፃ ያወጣሉ፤ ኮዱ እዚያ ላይ ተፈልጎ የተከፈለ፣ የተዋሃደ ወይም ሳይለወጥ የቀጠለ መሆኑ ይታይ። ቀጥሎ የተባበሩት መንግሥታት የንግድ መረጃ ቋት በሆነው ኮምትሬድ ላይ የምደባው እትም በእጅ ይመረጥ፤ ከኤች 0 እስከ ኤች 6 የተዘረዘሩት እትሞቹ ናቸው፣ ኤች 5 የ2017፣ ኤች 6 የ2022 ነው። ኮምትሬድ አዲስ መረጃን ወደ አሮጌ እትም ይመልሳል እንጂ አሮጌውን ወደ አዲስ አያሻግርም፤ ስለዚህ የብዙ ዓመት ንጽጽር የሚፈልግ ሰው አሮጌውን እትም መርጦ የተዋሃደውን ድምር ሊቀበል፣ ፓነልን ብቻ ለይቶ ማየት የሚፈልግ ደግሞ ከ2022 ወዲህ ባለው ሊወሰን ይገባል። ሁለቱን በአንድ ሠንጠረዥ ማግኘት አይቻልም።

አገሮች አዲሱን እትም እኩል አይጀምሩም። አንዱ በ2022 ሲጀምር ሌላው ከዓመታት በኋላም በ2017ቱ ሊያሳውቅ ይችላል፤ ኮምትሬድ ላይ «እንደተዘገበው» የሚለውን ምርጫ ወስዶ አገሮችን ማወዳደር የተለያየ መስፈሪያ ማደባለቅ ስለሆነ ይቅር።

ሌላው ማስጠንቀቂያ ስለ አኃዞቹ ብዛት ነው። በዓለም ዙሪያ የጋራ የሆኑት የመጀመሪያዎቹ 6 አኃዞች ብቻ ናቸው፤ ከዚያ በኋላ ያሉት የየአገሩ ጭማሪ ናቸው። የሻጭን ባለ 10 አኃዝ ኮድ በገዢው አገር ታሪፍ መጽሐፍ መፈለግ ወይ ምንም አያስገኝም ወይ ፈጽሞ ሌላ ዕቃ ያስገኛል። «ኮዱን ሻጩ ሰጥቶኛል» የሚለው መልስ ደግሞ በእውነት ያሳስባል፤ ሻጩ የሚመርጠው ለራሱ አገር ጉምሩክ የሚስማማውን ነው፣ በመድረሻው አገር ጉምሩክ ፊት የሚጠየቀው ግን አስመጪው ነው።

ዕቃው በስሙ ሲፈለግ ካልተገኘ፣ የታሪፍ ቋንቋ ከገበያ ቋንቋ ስለሚለይ ነው። ላፕቶፕ የሚመደብበት 8471.30 «ላፕቶፕ» የሚል ቃል የለበትም፤ ክብደቱ ከ10 ኪሎ ግራም ያልበለጠ ተንቀሳቃሽ የመረጃ ማቀናበሪያ መሣሪያ ይላል። ስሙን ትቶ ከምን እንደተሠራ፣ ምን እንደሚሠራና ምን ያህል እንደተዘጋጀ ይፈለግ፤ ጥሬ ቡና 0901.11 ሲሆን፣ ተቆልቶ ካፌይኑ ያልወጣለት ቡና 0901.21 ነው፣ በብዙ አገሮችም የሚጣልባቸው ቀረጥ ይለያያል። አጠራጣሪ ዕቃ ሲሆን የአሜሪካ ጉምሩክ ውሳኔዎች የሚገኙበትን ክሮስን እና የአውሮፓ ኅብረትን የምደባ ውሳኔዎች የያዘውን ኢቢቲአይን ማየት ይጠቅማል፤ ተመሳሳይ ዕቃ ለምን በዚያ ኮድ እንደተመደበ ምክንያቱ ተጽፎ ይገኛል። ውሳኔዎቹ ሌላ አገርን አያስገድዱም፤ አስተሳሰቡን ግን ያሳያሉ።

ምልክት፦ የላኪው አገር አኃዝና የተቀባዩ አገር አኃዝ አይገጥሙም

ይህ ብልሽት አይደለም። ወጪ ንግድ በብዛት የሚመዘገበው ዕቃው መርከብ ላይ እስኪጫን ድረስ ባለው በኤፍኦቢ ዋጋ ሲሆን፣ ገቢ ንግድ የማጓጓዣና የመድን ወጪ በተጨመረበት በሲአይኤፍ ነው። ከዚህም በላይ ገቢ ንግድ የሚጻፈው በዕቃው የስሪት አገር ስም፣ ወጪ ንግድ ግን ላኪው በሚያውቀው የመጨረሻ መዳረሻ ስም ነው። በሮተርዳም ወደብ በኩል አልፎ ሌላ አገር የሚደርስ ጭነት በላኪው መዝገብ የኔዘርላንድስ ሆኖ ሊቀር ይችላል፤ ይህን ያላስተዋለ ላኪ ኔዘርላንድስን ዋነኛ ገዢው አድርጎ እዚያ ወኪል ሲፈልግ ይታያል። ሁለቱም ወገን ይነበብና የአስመጪው አገር መዝገብ ቅድሚያ ይሰጠው፤ ቀረጥ የሚሰበሰብበት ስለሆነ አብዛኛውን ጊዜ የተሻለ ጥንቃቄ ይደረግበታል።

ጭራሽ ሪፖርት ላላቀረበ አገር የንግድ መረጃ ቋቱ ትሬድ ማፕ የንግድ ሸሪኮቹን አኃዝ ተጠቅሞ ይሞላል። ያ መስታወት እንጂ የአገሩ ሪፖርት አለመሆኑን በሠንጠረዡ ላይ ያለው ምልክት ይናገራል፤ ይነበብ። የትሬድ ማፕ ዋጋ የሚጻፈውም በሺህ ዶላር ነው፤ 4,200 ማለት 4.2 ሚሊዮን ዶላር ነው።

ምልክት፦ በመረጃ ቋቱ የታየው ታሪፍ ጉምሩክ ካስከፈለው ያነሰ ወይም የበዛ ነው

መንስኤው ሦስት የተለያዩ ታሪፎችን አለመለየት ነው። አንዱ አገሪቱ ለዓለም ንግድ ድርጅት ከዚህ አላልፍም ብላ ቃል የገባችበት ጣሪያ ነው፤ ሁለተኛው በተግባር ለድርጅቱ አባላት ሁሉ የሚጣለው ነው፤ ሦስተኛው በስምምነት የሚገኘው ልዩ ቅናሽ ነው። ጣሪያውን አንብቦ «ገበያው ዝግ ነው» ማለት፣ ቅናሹን አንብቦ የስሪት አገር ምስክር ወረቀት ሳይዙ ዕቃ መጫን፣ ሁለቱም ያከስራሉ።

የታሪፍ መረጃ ቋቱ ማርኬት አክሰስ ማፕ በተግባር የሚጣለውንና ቅናሹን ለይቶ ያሳያል፤ ቅናሹን ለማግኘት ዕቃው ማሟላት ያለበትን ደግሞ የስሪት አገር ደንቦች ማፈላለጊያው ያሳያል። ወደ አውሮፓ ኅብረት ለሚልክ በ2020 የተከፈተው የኅብረቱ ድረ ገጽ አክሰስ ቱ ማርኬትስ ቀረጡን፣ የጤናና የደረጃ ግዴታዎቹን ጭምር በአንድ ቦታ ያቀርባል። ከተገቢው ዋጋ በታች በሚሸጥ የውጭ ዕቃ ላይ የሚጣለው የፀረ ዳምፒንግ ቀረጥና በኮታ ላይ የተመሠረተ ታሪፍ ለብቻቸው ይመርመሩ፤ መደበኛው ሠንጠረዥ ሁልጊዜ አያሳያቸውም። ጭነቱ ከመነሳቱ በፊት የመድረሻው አገር ጉምሩክ የራሱ ታሪፍ ይታይ፤ ዓለም አቀፎቹ ቋቶች ከአዋጅ ኋላ ይቀራሉ።

ምልክት፦ «የተረጋገጠ» የሚል ምልክት ያለው አቅራቢ ከቅድመ ክፍያ በኋላ ይጠፋል

በብዙ የገበያ ድረ ገጾች ላይ ይህ ምልክት የአባልነት ክፍያ ከፍሎ ሰነድ ማስገባትን የሚያሳይ ነው፤ ዕቃ ለማቅረቡ ዋስትና አይሆንም። መፍትሔው ኩባንያውን ከምንጩ መመርመር ነው። የብሪታንያ ኩባንያ በአገሪቱ የኩባንያዎች መዝገብ በካምፓኒስ ሃውስ በነፃ ይታያል፤ የአውሮፓ ኅብረት የተጨማሪ እሴት ታክስ ቁጥር በኅብረቱ የማረጋገጫ ገጽ በቪየስ ይረጋገጣል፤ የቻይና ኩባንያ ባለ 18 ቁምፊ መለያ ቁጥር ስላለው ቁጥሩን ከኢንቮይሱ ወስዶ በአገሪቱ የድርጅቶች መዝገብ መፈለግ ይቻላል። ባለ 20 ቁምፊ የሆነው የድርጅቶች ዓለም አቀፍ መለያ ኤልኢአይ በግሌፍ መዝገብ ይፈለጋል፤ ሁሉም ድርጅት ስለማይኖረው ግን አለመገኘቱ ብቻውን አያስወግዝም። የባንክ ሂሳቡ ባለቤት ስም ከተመዘገበው ስም ጋር ካልተመሳሰለ ክፍያው ይቁም።

የሂሳብ ቁጥር ለውጥ በኢሜይል ከመጣ፣ ቀድሞ በሚታወቅ ስልክ ተደውሎ ሳይረጋገጥ ምንም አይከፈል።

ምልክት፦ የማዕቀብ ፍለጋ «ምንም አልተገኘም» ይላል፣ ባንኩ ግን ክፍያውን ይይዘዋል

ስም ከአረብኛ፣ ከሩሲያኛ ወይም ከቻይንኛ ሲገለበጥ ብዙ አጻጻፍ ይኖረዋል፤ ፍለጋው በትክክለኛ ፊደል ብቻ ከተደረገ ያመልጣል። የአሜሪካ የማዕቀብ ተቆጣጣሪ በሆነው በኦፋክ መፈለጊያ ላይ የተመሳሳይነት መለኪያውን ዝቅ አድርጎ መሞከር፣ የተባበሩት መንግሥታትንና የአውሮፓ ኅብረትን ዝርዝሮችም ለየብቻ ማየት ያስፈልጋል። በኦፋክ ደንብ መሠረት ማዕቀብ የተጣለባቸው ሰዎች በድምር 50 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ድርሻ ያላቸው ድርጅት ስሙ በዝርዝሩ ባይኖርም የታገደ ነው፤ ስለዚህ ከኩባንያው ስም በተጨማሪ የባለቤቶቹም ስም ይፈለግ።

አልፎ አልፎ የሚያጋጥመው የኮንቴይነር ቁጥር በክትትል ገጽ ላይ አለመገኘት ነው፤ ቁጥሩ 4 ፊደላት፣ 6 አኃዞችና 1 የማረጋገጫ አኃዝ ሊኖሩት ይገባል፣ የማረጋገጫው አኃዝ ካልገጠመ ከጭነት ሰነዱ (ቢል ኦፍ ሌዲንግ) ላይ እንደገና ይገልበጥ።