አድራሻ ባሩ የማትፈልጉትን እየጠቆመ ሲያስቸግራችሁ

ስክሪኔን ለስራ ባልደረቦቼ እያጋራሁ ነበር። የስራ እቅዳችንን ሰንጠረዥ ልከፍት አድራሻ ባሩ ላይ (ብሮውዘሩ አናት ላይ የድረ ገጽ አድራሻ የሚጻፍበት ሳጥን) «የስራ» ብዬ ጻፍኩ። ከሁሉም በላይ ብቅ ያለው ግን «የስራ መልቀቂያ ደብዳቤ ናሙና» የሚል ነበር። አለቃዬም ስብሰባው ላይ ነበረች። ማንም ምንም አላለም። ይበልጥ የከበደኝም እሱ ነው።

ማታ ቤት ስገባ በንዴት ሂስትሪውን፣ ማለትም የከፈትኳቸውን ገጾች መዝገብ፣ በሙሉ ጠርጌ አጠፋሁት። በነጋታው «የስራ» ብዬ ስጽፍ ደብዳቤው እዚያው ቁጭ ብሏል። የሄደው ሌላው ነው። ለሶስት ሳምንት እየተመላለስኩ የማነባቸውን ገጾች አጣኋቸው። ኩኪ (ድረ ገጾች እኛን የሚያስታውሱበት ትንሽ ፋይል) የሚለውንም ሳጥን አብሬ መርጬ ስለነበር ከብዙ አካውንት ተባረርኩ፣ ግማሹንም የይለፍ ቃል አላስታውስም። ስልኬ ከኮምፒውተሩ ጋር ሲንክ ስለሚያደርግ (በአንድ አካውንት መረጃ ስለሚጋሩ) የስልኩ ሂስትሪም አብሮ ጠፋ። ስለዚህ እናንተ ከጠረጋ አትጀምሩ።

1. ጥቆማው ከየት እንደመጣ ለዩ

ዋናው ስራ ይሄ ነው፤ ሌላው የቁልፍ መጫን ጉዳይ ነው።

ያ ዝርዝር ከአንድ ቦታ የሚመጣ ይመስለኝ ነበር። ለካ ብሮውዘሩ ከየአቅጣጫው ነው የሚለቃቅመው። ቀድሞ ከከፈታችኋቸው ገጾች ይወስዳል። በኋላ እንመለስበታለን ብላችሁ ካስቀመጣችኋቸው ገጾች፣ ማለትም ከቡክማርኮች ይወስዳል። አሁን ክፍት ከሆኑት ታቦችም ይወስዳል። በዚያ ላይ ፊደል በጨመራችሁ ቁጥር ጉግልን ወይም ቢንግን «ይሄ ሰው ምን ሊል ነው?» ብሎ ይጠይቅና መልሱን ይደረድራል። ሂስትሪ ስታጠፉ ቡክማርኩ አይነካም። ቡክማርክ ስታጠፉ የፍለጋው ግምት አይቆምም።

ከጥቆማው ጎን ያለችውን ትንሽ ምልክት እዩ። ሰዓት ከሆነች ከዚህ በፊት የተፈለገ ነገር ነው። አጉሊ መነጽር ከሆነች ብዙውን ጊዜ የጉግል ወይም የቢንግ ግምት ናት፤ በዚያ ኮምፒውተር ላይ ማንም ጽፎት ላያውቅ ይችላል። (ባለቤታችሁን ወይም ልጃችሁን ከመጠርጠራችሁ በፊት ይቺን አስታውሱ።) ኮከብ ከሆነች ቡክማርክ ናት።

የሚያምታታው በምልክቷ ቦታ የድረ ገጹ አርማ ሲታይ ነው። ያኔ ከሂስትሪ ይሁን ከቡክማርክ በዓይን መለየት ያስቸግራል። እኔን የሸወደኝም እሱ ነው። መፍትሄው ቀላል ነው፦ ጥቆማውን ተጭናችሁ ገጹን ክፈቱት። ከዚያ ክሮም ወይም ፋየርፎክስ ላይ ከሆናችሁ አድራሻ ባሩ ቀኝ ጫፍ አካባቢ ያለውን ኮከብ እዩ። ኮከቡ በቀለም ተሞልቶ ከሆነ ገጹ ቡክማርክ ተደርጓል ማለት ነው። የእኔ ደብዳቤ ኮከቡ ተሞልቶ ነበር። መቼ እንዳስቀመጥኩት እንኳ ትዝ አይለኝም።

ፋየርፎክስ እዚህ ላይ ከሁሉም ይበልጣል ባይ ነኝ። አድራሻ ባሩ ላይ * ጽፋችሁ ቦታ ዝለሉና ቃሉን ጨምሩ፤ ቡክማርክ ብቻ ለይቶ ያሳያችኋል። ^ ከሆነ ሂስትሪ ብቻ፣ % ከሆነ ክፍት ታቦችን ብቻ። አዳዲሶቹ ክሮሞች ላይ ደግሞ @ ብቻ ብትጽፉ በቡክማርክ፣ በሂስትሪ ወይም በታብ ውስጥ ለይቶ የመፈለግ ምርጫ ይመጣላችኋል።

2. ከሂስትሪ ከሆነ አንዷን ነጥላችሁ አጥፉ

ጥቂት ፊደል ጻፉ፣ ጥቆማው ይውጣ። በቀስት ቁልፍ ወደ ታች እየወረዳችሁ መስመሩ ላይ ቁሙ። ከዚያ ሺፍትን ይዛችሁ ዲሊትን ተጫኑ። ክሮም፣ ኤጅና ፋየርፎክስ ላይ ይሰራል። ማክ ላይ ክሮም የምትጠቀሙ ከሆነ ኤፍኤን የሚለውን ቁልፍም አብራችሁ ያዙ። በማውስ ለምትመርጡ፣ ክሮምና ኤጅ መስመሩ ጫፍ ላይ የኤክስ ምልክት ያወጣሉ። አንድሮይድ ስልክ ላይ ባለው ክሮም ጥቆማውን በጣታችሁ ተጭናችሁ ቆዩ፤ ይጥፋ ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል።

እስከዚህ ቀላል ነው። አስቸጋሪው ብሮውዘሩ አድራሻውን ራሱ ሲሞላው ነው። ሁለት ፊደል ትጽፋላችሁ፣ እሱ ቀሪውን ጨርሶ በቀለም ያደምቀዋል። በዚህ ሁኔታ ላይ ሺፍትና ዲሊትን ብትጫኑ የደመቀው ጽሑፍ ብቻ ከሳጥኑ ሊነሳ ይችላል። ጠፋ ብላችሁ ትተዉታላችሁ፤ ነገ ያው ነው። እኔ አንዱን የተሳሳተ አድራሻ እንደዚህ ሳምንት ሙሉ «ሳጠፋው» ነበር። ስለዚህ መጀመሪያ ባክስፔስ አንዴ ተጫኑና የተሞላውን አስወግዱ። ያን ጊዜ አድራሻው ከታች ባለው ዝርዝር ውስጥ እንደ ማንኛውም መስመር ይቀመጣል። አሁን በቀስት ወርዳችሁ መስመሩ ላይ መቆማችሁን ካረጋገጣችሁ በኋላ አጥፉት።

ያ የተሳሳተ አድራሻ አንድ ፊደል የጎደለው የስራ ድረ ገጻችን ነበር። አንዴ ተሳስቼ ጻፍኩት፣ ከዚያ ብሮውዘሩ እሱን መሙላት ለመደ። ብሮውዘሮች ገጾችን የሚያስቀድሙት ምን ያህል ጊዜ እንደከፈታችኋቸውና መቼ እንደከፈታችኋቸው አመዛዝነው ነው። በእጅ የተጻፈ አድራሻ ደግሞ ሊንክ ተጭናችሁ ከደረሳችሁበት ገጽ የበለጠ ክብደት ይሰጠዋል። እኔም ሳላይ እንተርን በመታሁ ቁጥር ስህተቱን እየቀለብኩት ነበር። ክሮም ኮምፒውተሩ ላይ የሚይዘው ሂስትሪ የ90 ቀን ነው፤ ግን በየሳምንቱ እየተሳሳታችሁ የምትከፍቱት አድራሻ በራሱ ጊዜ ይሞታል ብላችሁ አትጠብቁ። አጥፉት፣ ከዚያ ትክክለኛውን ለጥቂት ቀን እስከ መጨረሻው ፊደል በእጃችሁ ጻፉ።

አንዷን ስታጠፉ ከዚያው ድረ ገጽ ሌላ ገጽ ተተክቶ ከወጣ ሂስትሪውን ክፈቱና የድረ ገጹን ስም ፈልጉ፤ የወጡትን መርጣችሁ በአንድ ላይ አጥፉ። ፋየርፎክስ ሂስትሪ ውስጥ ድረ ገጹን እንዲረሳ የሚያደርግ ምርጫም አለው። ጥሩ ነው፣ ግን ጨካኝ ነው። ኩኪውንም ስለሚወስደው የምትገቡበት አካውንት ከሆነ የይለፍ ቃሉ ሌላ ቦታ ተጽፎ መኖሩን ሳታረጋግጡ አትንኩት።

3. ቡክማርክ ከሆነ

የተሞላውን ኮከብ ተጫኑና አስወግዱ የሚለውን ምረጡ። አለቀ። ሺፍትና ዲሊት ቡክማርክ ላይ አይሰሩም፣ ጊዜያችሁን አታባክኑ።

4. የፍለጋ ግምት ከሆነ

ይሄ የሚጠፋ ሳይሆን የሚዘጋ ነው። ሴቲንግስ ግቡ። ሜኑዎቹ በየጊዜው ቦታ ስለሚቀያየሩ እዚያው ባለው መፈለጊያ ሳጥን «ሰጀስት» (suggest) የሚለውን ቃል በእንግሊዝኛ ጻፉ፤ ከፍለጋና ከአድራሻ ባር ጥቆማ ጋር የተያያዘው ማብሪያ ማጥፊያ ይወጣል። ሳፋሪ ላይ ከሴቲንግስ ውስጥ «ሰርች» የሚለው ክፍል ነው።

እኔ ዘግቼዋለሁ፣ መዝጋቱንም እመክራለሁ። ምክንያቱ ሐፍረት ብቻ አይደለም። ግምቱ እንዲመጣ የምትጽፉት ፊደል እንተር ሳትመቱ ነው የሚላከው። በጥድፊያ የይለፍ ቃል አድራሻ ባሩ ላይ የጻፈ ሰው ይህን ቢያስብበት ጥሩ ነው። የሚቀርባችሁ ነገር ትንሽ ፍጥነት ነው።

ጉግል አካውንታችሁ ውስጥ ገብታችሁ የምትፈልጉ ከሆነ አንድ ነገር ጨምሩ። የድሮ ፍለጋዎቻችሁ አካውንቱም ላይ ሊቀመጡ ይችላሉ። የብሮውዘሩን ሂስትሪ ብቻ ማጥፋት እነሱን አይነካም። አካውንቱ ውስጥ «ማይ አክቲቪቲ» የሚለውን ገጽ ከፍታችሁ ከዚያ አጥፏቸው።

5. ጠፍቶ ተመልሶ ከመጣ

መጀመሪያ የምጠረጥረው ሲንክን ነው። ያንኑ አካውንት የሚጠቀም ሌላ ስልክ ወይም ታብሌት ካለ፣ እዚያ የተከፈተው ገጽ እዚህ ይመጣል። በቤት ውስጥ አንድ አካውንት ለሁለት የምትጠቀሙ ሰዎች፣ ጥፋቱ የብሮውዘሩ አይደለም።

ሁለተኛው ኤክስቴንሽን ነው፤ ብሮውዘሩ ላይ የሚጨመር ትንሽ ፕሮግራም ማለት ነው። ጥቆማዎቹ የማታውቁት የፍለጋ ገጽ ላይ የሚወስዷችሁ ከሆነ ዋናው የፍለጋ ድርጅት ተቀይሮ ሊሆን ስለሚችል ሴቲንግስ ውስጥ እዩት። ከዚያ የኤክስቴንሽኖቹን ዝርዝር ክፈቱና የማታስታውሱትን አስወግዱ። «ብሮውዘራችሁን እናጸዳለን» የሚሉ ፕሮግራሞችን ደግሞ ጨርሶ አትጫኑ። ከላይ ያየነው ሁሉ ብሮውዘሩ ውስጥ በነጻ አለ፤ ለምን ብላችሁ ሂስትሪያችሁን ለማታውቁት ሰው ታስረክባላችሁ?

ስክሪን ስታጋሩ የሚስጥር መስኮት (ኢንኮግኒቶ) ያድነኛል የምትሉም አላችሁ። የሚስጥር መስኮት አዲስ ነገር አይመዘግብም እንጂ ክሮም ላይ ከድሮው ሂስትሪና ቡክማርክ መጠቆሙን አይተውም። እኔ ለስራ ብቻ የሚሆን ሌላ ፕሮፋይል ከፈትኩ። የራሱ ሂስትሪ፣ የራሱ ቡክማርክ አለው፤ ለመክፈት አንድ ደቂቃ አይፈጅም። አሁን እዚያ «የስራ» ብዬ ስጽፍ የሚመጣው እቅዱ ነው።