ዳፊን ለማየት ቀዩን ደም አታፍርሱት

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ ጅማ ላይ የወባ ናሙና ይበዛል። ቫይቫክስ የሚባለው የወባ ዓይነትም አይጠፋም። ቫይቫክስ ቀይ የደም ሴል ውስጥ የሚገባበት ዋናው በር ዳፊ የሚባለው፣ በሴሉ ላይ ያለ ሪሴፕተር (ተቀባይ ፕሮቲን) ነው። ሆኖም አገራችን ውስጥ ዳፊ የሌላቸው ሰዎችም በቫይቫክስ ተይዘው ተገኝተዋል። ስለዚህ በሩ መኖር አለመኖሩን በፍሎው ሳይቶሜትሪ፣ ማለትም ሴሎችን አንድ በአንድ በሌዘር ብርሃን በሚመረምር ማሽን፣ ማየት ለእኛ ትርፍ ሥራ አይደለም።

እኔ ለዓመታት ሲዲ4 የሚባሉትን ነጭ የደም ሴሎች ስቆጥር ነው የኖርኩት። በመጀመሪያው ቀን እጄ ለምዶ ላይዚንግ ሶሉሽን፣ ቀይ ሴሎችን የሚያፈርሰውን ፈሳሽ፣ ጨመርኩ። ቲዩቡ ጥርት አለ። ጎበዝ ብዬ ራሴን አመሰገንኩ። ማሽኑ ላይ ሳስገባው ግን ባዶ! የምፈልጋቸውን ሴሎች በገዛ እጄ አፍርሼያቸዋለሁ። እዚህ ሥራ ላይ ላይዚንግ የለም፤ በቃ።

ደሙን ሀምራዊ ክዳን ባለው የኢዲቲኤ ቲዩብ ቅዱ። 1 ማይክሮሊትር ደም 5 ሚሊዮን ገደማ ቀይ ሴል ይዟል። 5 ማይክሮሊትሩን በ1 ሚሊሊትር ቀዝቃዛ ፒቢኤስ (ለሴል የሚስማማ የጨው ውሃ) አቅጥኑ፤ ከዚያ 40 ማይክሮሊትር ስትወስዱ 1 ሚሊዮን ገደማ ታገኛላችሁ። ይበቃል። እጠቡና ዳፊ ላይ የሚጣበቀውን ባለቀለም አንቲቦዲ ጨምሩ። 30 ደቂቃ በረዶ ላይ፣ ጨለማ ውስጥ ይቆይ። እንደገና ሁለቴ እጠቡ።

ዳፊ በሴሉ ላይ ብዙ ስላልሆነ አንቲቦዲው እንደ ፒኢ ያለ ደማቅ የሚያበራ ቀለም ያለው ይሁን። ያልተቀለመ ቲዩብ፣ አይሶታይፕ (ዳፊን የማይዝ ማነጻጸሪያ አንቲቦዲ)፣ ዳፊ እንዳለው የሚታወቅ ደም፤ ሦስቱም ለማነጻጸሪያ ከጎን ይቀመጡ። ቀይ ሴልን ለመለየት ግላይኮፎሪን ኤ የሚባለውን የቀይ ሴል ፕሮቲን የሚይዝ አንቲቦዲ የሚጨምሩ አሉ። እሱ ሲበዛ ሴሎቹን እርስ በርስ ያጣብቃል፤ በጥቂቱ ሞክሩት። ማሽኑ ላይ ስካተሩን፣ ከሴሉ የሚበተነውን ብርሃን፣ በሎግ ስኬል አድርጉ። ከዚያ የፎርዋርድ ስካተሩን (ወደ ፊት የሚበተነውን ብርሃን) ኤሪያና ሃይት፣ ማለትም የሲግናሉን ስፋትና ቁመት፣ አነጻጽራችሁ የተጣበቁትን አውጡ።

አንድ ነገር ብዙዎችን ያደናግራል። ዳፊን ከአንድ ወላጅ ብቻ የወረሰ ሰው ግማሽ ያህሉን ነው የሚያሳየው። የግራፉ ጫፍ ዳፊ ባለውና በሌለው መሃል ላይ ቢወድቅ ማሽኑን አትጠርጥሩ።

ቫይቫክስ የሚወደው ወጣቶቹን ሴሎች፣ ሪቲኩሎሳይቶችን ነው። እነሱ ከመቶ አንድ ገደማ ናቸው። እነሱን ካሻችሁ ቢያንስ 100 ሺህ ሴል አስቆጥሩ፤ 1 ሺህ ገደማ ይተርፋችኋል። መሃል ላይ መብራት ከሄደ ደግሞ ቲዩቡን በፎይል ጠቅልላችሁ ፍሪጅ ክተቱት።