«አጥብቅልኝ ብቻ»፦ የሞተር ካቴና ችግርና መፍትሄ

ጅማ የሞተር መካኒክ ነኝ። ክረምት ገብቶ ቀዩ ጭቃ ሲበረታ፣ በራችን ላይ ከሚሰለፈው ሞተር ግማሹ የካቴና በሽተኛ ነው። እዚህ የምጽፈው 428 ቁጥር (የካቴና መጠን ነው) ካቴና ስለሚያስሩት፣ ከ100 እስከ 150 ሲሲ ስላሉት ሞተሮች ነው። ቁልፍ መያዝ አላስተምርም፣ እሱን ታውቁታላችሁ።

አንድ ቦታ ይረግባል፣ አንድ ቦታ ይወጠራል

ከአስር የካቴና በሽተኛ ሰባቱ በዚህ ነው የሚመጣው። ባለቤቱ ከኮርቻው እንኳ ሳይወርድ «ይጮሃል፣ አጥብቅልኝ ብቻ» ይላል።

ሰው ካቴና ተለጠጠ ይላል። ብረቱ አይለጠጥም። የሚበላው በየመጋጠሚያው ውስጥ ያለው ፒንና ፒኑ የሚዞርበት ቡሽ ነው። አንዱ ጋ የፀጉር ያህል ቢበላ፣ ከመቶ በላይ መጋጠሚያ ሲደመር ካቴናው ይረዝማል። ደግሞ እኩል አይበላም። ዝገት የያዘው ቦታ ሌላ፣ ዘይት ያገኘው ቦታ ሌላ ነው። ስለዚህ የረገበው ላይ ለክታችሁ ካጠበቃችሁ፣ ጎማው ግማሽ ዙር ሲዞር የተወጠረው ቦታ ይመጣና ሁሉን ነገር ይጎትታል።

ከአጋሮ የሚመላለስ አንድ ልጅ ነበር። ከኋላ የቡና ጆንያ ይጭናል። በሁለት ሳምንት ሦስት ጊዜ አስጠበቀ፤ ሁለቱን ጊዜ እኔ አልነበርኩም፣ በሦስተኛው «መቀየር አለበት» ብለው «ለዛሬ ብቻ» አለኝ። በአራተኛው ሲመጣ ሞተሯ ሥር ዘይት ይንጠባጠባል። ክዳኑን ፈትቼ የፊቱን ጥርስ፣ ካቴናው የሚዞርበትን ጥርሳም ክብ፣ በእጄ ብይዘው ወደ ላይና ወደ ታች ይወዛወዛል። የሚዞርበት ኩሽኔታ አልቋል፣ ዘይት የሚይዘው ጎሚኒ ተበልቷል። ኩሽኔታውን ለማውጣት ሞተሩ ለሁለት መከፈል ነበረበት። የካቴና ዋጋ ላድን ብሎ ሞተር አስፈታ።

ጆንያው ነው ጉዱ። ክብደት ሲጫን ሞተሯ ወደ ታች ትወርዳለች፣ ጎማው ወደ ላይ ይመጣል። የፊቱ ጥርስ መሃል፣ የኋላ ጎማውን የያዘው ሹካ የሚታጠፍበት ቦታና ፔርኖው (ጎማው የሚዞርበት ብረት) ቀጥ ብለው በአንድ መስመር ሲሆኑ ካቴናው ከሁሉ በላይ ይወጠራል። ባዶዋን ቆማ ልክ የሚመስለው ካቴና ሰውና ጆንያ ሲወጣበት የክራር ክር ይሆናል።

እንዲህ አድርጉ። በመሃል ስታንድ አቁሟት፣ ማርሹን ዜሮ አድርጉ። ጎማውን በእጅ ቀስ ብላችሁ እያዞራችሁ በጣም የተወጠረውን ቦታ ፈልጉና በጠመኔ ምልክት አድርጉበት። የምትለኩት እዚያ ነው። የካቴናው የታችኛው መስመር መሃሉ ላይ በጣት ሲገፋ፣ በእነዚህ ሞተሮች ብዙውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ሚሊ ሜትር መሄድ አለበት። የሞተሯ መጽሐፍ ሌላ ካለ እሱን ስሙ። ከዚያ የምትጭኑትን ያህል ሰው አስቀምጡባትና ድገሙት። ጭራሽ አልንቀሳቀስ ካለ መልሳችሁ አላሉ። ትንሽ የረገበ ካቴና ይጮሃል እንጂ ሞተር አያስፈታም። ከመጠን በላይ ከረገበ ግን ከጥርሱ ወልቆ ጎማ ይይዛል፤ «ረገብ ይሻላል አለ» ብላችሁ እንዳታሳብቡብኝ።

በተወጠረውና በረገበው መካከል ልዩነቱ ሰፊ ከሆነ ማጥበቅ አያድነውም። ወጥራችሁ 21 ፒን ቁጠሩ፣ ከመጀመሪያው መሃል እስከ መጨረሻው መሃል ለኩ። አዲስ 254 ሚሊ ሜትር ነው። 259 ከደረሰ ጣሉት።

አዲስ ካቴና ገብቶ በወሩ ጮኸ

ካቴናውን ብቻ ቀይራችኋል። «ጥርሱ ገና ነው» የሚለኝ ሰው ጥርሱን አላየውም። ክዳኑን ፍቱና የፊቱን እዩት፤ እንደ ማጭድ ከጎበጠ አብቅቶለታል። በጎበጠ ጥርስ ላይ አዲስ ካቴና ማሰር አዲስ ጫማ ለብሶ ጭቃ መርገጥ ነው። ካቴናው፣ የፊቱ ጥርስና የኋላው ጥርስ ሦስቱም አብረው ይቀየሩ።

ደግሞ ካርቶኑን አትመኑ። ኦሪጅናል የሚል ጽሑፍ ማንም ያትማል። ጥርሱን በሞረድ ጫፍ ሞክሩት። ጥሩ ብረት ሞረዱን ያንሸራትተዋል። እንደ ሳሙና ከተፋቀ ለሻጩ መልሱለት።

የካቴናው አንድ ወገን ብቻ ውስጡ ተፍቆ ያበራል

ጎማው ጠማማ ነው የታሰረው። ሹካው ላይ ያሉት ጭረቶች ይዋሻሉ። ሹካው ከሚታጠፍበት እስከ ፔርኖው በሁለቱም ወገን በሜትር ለኩ።

ስትነሳ ትገፈትራለች፣ ካቴናው ግን ደህና ነው

የኋላ ጎማው ውስጥ ያሉት፣ ግፊቱን የሚያለዝቡት ጎሚኒዎች አልቀዋል።

ሁልጊዜ ዝገትና ጥቁር ጭቃ

የተቃጠለ ዘይት የምታፈሱ ሰዎች፣ እባካችሁ። ጥላሸትና የብረት ብናኝ ያለበት ነው። ግራሶ የምትለቀልቁም እንዲሁ፤ ውስጥ አይገባም፣ ውጭ ተቀምጦ አቧራ ይሰበስብና ብርጭቆ ወረቀት ይሆናል። በነጭ ጋዝና በብሩሽ እጠቡ፣ በጨርቅ አድርቁ። ከዚያ የካምቢዮ (የማርሽ ሳጥን) ዘይት ከታችኛው መስመር በውስጥ በኩል እያንጠባጠባችሁ ጎማውን በእጅ አዙሩ። ከጉዞ መልስ፣ ካቴናው ሞቅ እንዳለ ቢሆን ይመረጣል። በየ500 ኪሎ ሜትሩና ከዝናብ በኋላ ይበቃል።

በእጅ አዙሩ ነው ያልኩት! ሞተር አስነስቶ፣ ማርሽ አስገብቶ፣ በጨርቅ የሚያጸዳ ሰው ካየሁ ቁልፉን እነቅላለሁ። ጨርቁ ይያዛል፣ ጣትም ይከተለዋል። የግራ ሌባ ጣቴ ጥፍር እስከ ዛሬ ጠማማ ሆኖ ነው የሚበቅለው።

ስታስሩ

የካቴናውን ሁለት ጫፍ የሚያያይዘው ክሊፕ የተዘጋው ወገን ካቴናው ወደሚሄድበት ይዙር። በላይኛው መስመር ላይ ሲሆን ወደ ፊት ማለት ነው። የጎበጠ ክሊፕ በፒንሳ አቅንታችሁ አትመልሱ። የፔርኖውን ዳዶ አጥብቁ፣ ኮፒሊያ (ዳዶው እንዳይፈታ የሚይዝ ሽቦ) ካለው አዲስ አስገቡ። ከዚያ የኋላ ፍሬኑን እዩ። ጎማው ወደ ኋላ ሲሳብ የፍሬኑን ዘንግ አብሮ ይስበዋል፣ ፍሬኑም ሳትረግጡት ይይዛል። ጎማው በነጻ እስኪዞር አላሉትና የፍሬን መብራቱንም ሞክሩ።