«ነጻ ነው» ብለን የምንሳሳትባቸው የባክአፕ ሶፍትዌር ጉዳዮች

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ላለ አንድ መድኃኒት ቤት ባክአፕ (የፋይሎችን መጠባበቂያ ቅጂ የሚይዝ ፕሮግራም) ልገጥም ሄጄ ነበር። ባለቤቱ ከጀርባዬ ቆመው ሁሉንም ሲያዩ ቆዩ። ስጨርስ ዋጋዬን ነገርኳቸው።

«ልጄ፣ አሁን ከኢንተርኔት በነጻ ሲወርድ አይቼው የለም እንዴ? የምን ብር ነው?»

«ጋሼ፣ የሶፍትዌሩን አይደለም፤ የድካሜን ነው» አልኳቸው። ሳቁ። ከፈሉኝ፤ ቡናም ጋበዙኝ።

ጥያቄያቸው ግን አብሮኝ ወጣ። ከ2014 ዓ.ም. ወዲህ ወሎ ውስጥ ባክአፕ የማይጠይቅ ደንበኛ አላጋጠመኝም። ጦርነቱ ሲገባ ኮምፒውተሩ ከነመዝገቡ የጠፋበት ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ ከወልዲያ እስከ ኮምቦልቻ እኔን መሰል ቴክኒሻኖች ኦፕን ሶርስ ባክአፕ ስንገጥም እንውላለን፤ ኮዱ (ፕሮግራሙ የተጻፈበት ጽሑፍ) ለሁሉም ክፍት የሆነ፣ መጠቀምም መቀየርም የተፈቀደ ማለት ነው። ላይሰንሱን፣ ማለትም የአጠቃቀም ፈቃዱን፣ ግን የሚያነበው የለም። እኔም ለዓመታት «እስማማለሁ» የሚለውን ተጭኜ ነው ያለፍኩት። ቁጭ ብዬ ሳነበው ስንቱን እንደሳትኩ አየሁ።

«ነጻ ነው፤ ባለቤት የለውም»

ጎረቤት «ከጉድጓዴ ቅዳ» ስላለ ጉድጓዱ የቀጂው አይሆንም። ኦፕን ሶርስም እንደዚያው ነው። የቅጂ መብቱ የጸሐፊዎቹ ነው፤ ላይሰንሱ ደግሞ የእነሱ ፈቃድ ነው፣ ከነቅድመ ሁኔታው። የእኛም ሕግ ይህን ያውቃል። የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን ጥበቃ ከሚያገኙ ሥራዎች ተርታ አስገብቶታል። ጥበቃው የሚጀምረው ሥራው ሲፈጠር ነው፤ ምዝገባ አይጠብቅም።

ከዚህ የሚመጣ ሌላ ነገር አለ። ኢንተርኔት ላይ ያገኛችሁት ስክሪፕት ምንም ላይሰንስ ከሌለው «እንደፈለጋችሁ ውሰዱት» ማለት አይደለም። ፈቃድ አልተሰጠም ማለት ነው። እኔ ግን በተቃራኒው ነበር የማስበው።

«ኮዱ ከታየ ኦፕን ሶርስ ነው»

ሦስት ስም ልጥራ፦ ዱፕሊካቲ፣ ዱፕሊሲቲ፣ ዱፕሊካሲ። ስም ያወጣላቸው ሰው ቴክኒሻን የሚጠላ ይመስለኛል። ሦስቱም ባክአፕ ይሠራሉ፤ ላይሰንሳቸው ግን ሦስት ዓይነት ነው። ዱፕሊሲቲ ጂፒኤል ነው፤ ለሌላ ስትሰጡት ከነኮዱና ከነመብቱ ስጡ የሚል ላይሰንስ። ዱፕሊካቲ ዛሬ ኤምአይቲ ነው፤ ስሙንና ጽሑፉን እስካልፋቃችሁ ብዙ የማይጠይቅ ላይሰንስ። ዱፕሊካሲ ግን ኮዱ ለማንም ቢታይም ለግል ሥራ ብቻ ነው ያለ ክፍያ የሚፈቀደው። ሱቅ ወይም ድርጅት ባክአፕ ሊያደርግበት ከፈለገ ፈቃድ ይገዛል። ማየት ሌላ፣ መጠቀም ሌላ።

ዱፕሊካቲን «ዛሬ» ያልኩት በምክንያት ነው። እስከ 2024 እ.ኤ.አ. ድረስ ኤልጂፒኤል (ለዘብ ያለው የጂፒኤል ዓይነት) ነበር። ፋይል የሚገለብጠው አርሲንክም ከሥሪት 3.0.0 ጀምሮ ከጂፒኤል 2 ወደ ጂፒኤል 3 ተሻግሯል። ስለዚህ ከጓደኛ የሰማችሁትን ትታችሁ፣ ካወረዳችሁት ሥሪት ጋር አብሮ የመጣውን የላይሰንስ ፋይል ክፈቱ። የኤምአይቲና የእሱ አቻ የቢኤስዲ ላይሰንስ ሁለት ሦስት አንቀጽ ነው፤ ቡናው እስኪፈላ ያልቃል። ጂፒኤል ረጅም ነው፤ እሱን ለእሑድ አቆዩት።

«በነጻ የመጣ አይሸጥም»

ይሸጣል። ጂፒኤል እንኳ ለምትሰጡት ቅጂ የፈለጋችሁትን ዋጋ እንድትጠይቁ ይፈቅዳል። የማይቻለው ሌላ ነው። ደረሰኝ ላይ «የላይሰንስ ክፍያ፣ ለአንድ ኮምፒውተር» ብሎ መጻፍና ደንበኛውን «ለሌላ እንዳትሰጥ» ማለት ጂፒኤልን መጣስ ነው። እሱም እንደ እኛው የመቅዳትና የመስጠት መብት አለው። ደረሰኙ ላይ «ተከላና ክትትል» ብላችሁ ጻፉ። የሸጣችሁት እሱን ነው።

ስም መፋቅ

እዚህ ላይ የራሴን ጉድ ላውጣ። ዩርባክአፕ የሚባል አለ፤ በብሮውዘር የሚከፈት ገጽ ያለው። ገጹን ወደ አማርኛ መለስኩት። ደንበኞቼ በጣም ወደዱት። ከዚያ አላስችል አለኝና የሱቄን አርማ ለጠፍኩበት፤ የሠሪዎቹን ስምና የቅጂ መብት መስመሩን አጠፋሁ። መተርጎሜ ጥፋት አልነበረም፤ ላይሰንሱ ማሻሻልን ይፈቅዳል። ጥፋቱ ማጥፋቴ ነው።

የሐይቅ እስጢፋኖስን ገዳምና የብራና መጻሕፍቱን በሚያውቅ አገር ይህ ሊገባኝ ይገባ ነበር። የጥንት የብራና መጻሕፍት ላይ ደጋግሞ የሚገኝ ማስጠንቀቂያ አለ፦ «ዘሰረቆ ወዘፈሐቆ»፣ የሰረቀውና የፋቀው፣ በጴጥሮስና በጳውሎስ ሥልጣን የተወገዘ ይሁን ይላል። የፋቀው ከሰረቀው እኩል ነው የተቆጠረው። ሬስቲክ ወይም ቦርግ የሚባሉት የባክአፕ ፕሮግራሞች የተለቀቁበት ቢኤስዲ ውግዘት የለበትም እንጂ የሚጠይቀው ይህንኑ ነው። ቀይሩት፣ ሽጡት፣ ኮዳችሁን ደብቁት፤ የባለቤቱን ስምና የላይሰንሱን ጽሑፍ ግን አትፋቁ።

ይህ ማለት ግን ስማቸውን እንደ ንግድ ስም መጠቀም ይቻላል ማለት አይደለም። ኮዱና የንግድ ምልክቱ ይለያያሉ። ባሬኦስ የሚባለው የባክአፕ ፕሮግራም የተነሣው ባኩላ ከሚባል ሌላ የባክአፕ ፕሮግራም ኮድ ነው፤ ላይሰንሱ ይፈቅድ ነበር። ስሙን ግን ትቶ በራሱ ስም ወጣ። ኮፒያ የሚባለው ሌላ የባክአፕ ፕሮግራም ላይሰንስ፣ አፓቺ 2.0፣ ደግሞ የንግድ ምልክት ፈቃድ እንደማይሰጥ በግልጽ ይናገራል። «ባክአፕ በሬስቲክ እንገጥማለን» ማለት ችግር የለውም። የሱቁን ስም «ሬስቲክ ደሴ» ማለት ግን ነገር መፈለግ ነው።

«ጂፒኤል ከነካሁ ኮዴን ሁሉ ላወጣ ነው»

ይህ ፍርሃት ብዙ ሰው አሽሽቷል። ጂፒኤል የሆነ ሶፍትዌርን ቢሯችሁ ውስጥ መጠቀም ምንም አያስወጣም። ቀይራችሁ ለራሳችሁ ብታስቀምጡትም ማንም አይጠይቃችሁም። ጥያቄው የሚመጣው ለሌላ ስታስረክቡ ነው። እኛ ቴክኒሻኖች ደግሞ ሥራችን ማስረከብ ነው። ፍላሽ ላይ ጭነን እንሰጣለን፤ ሚኒ ኮምፒውተር ላይ ገጥመን እንሸጣለን። ያኔ ሶርስ ኮዱን (የፕሮግራሙን ጽሑፍ) አብሮ መስጠት ያስፈልጋል። ካልሆነም ለቢያንስ 3 ዓመት የሚጸና «ስትጠይቁኝ እሰጣለሁ» የሚል የጽሑፍ ቃል አብሮ ይሰጣል። እኔ ኮዱን እዚያው ፍላሽ ላይ እጨምረዋለሁ፤ ከቀጠሮ ያድናል።

ኤጂፒኤል፣ በኔትወርክ መጠቀምንም የሚያካትተው የጂፒኤል ዓይነት፣ ሲሆን አንድ እርምጃ ይጨምራል። ባኩላ፣ ባሬኦስና ዩርባክአፕ እዚህ ውስጥ ናቸው። ሳይቀየሩ መጠቀም ግዴታ አያመጣም። ግን የቀየራችሁትን ሥሪት ሰው በኔትወርክ እየገባ ከተጠቀመበት፣ ቅጂ በእጁ ባይሰጠውም ኮዱን የሚያገኝበት መንገድ ማሳየት ግድ ነው። ያ የአማርኛ ገጼ እኔ ሰርቨር ላይ ነበር፤ ደንበኞቼ ከየሱቃቸው ይገቡበታል። ሳነበው ላቤ መጣ። ስሞቹን መለስኩ፤ ከገጹ ሥር «የዚህ ፕሮግራም ኮድ እዚህ ይገኛል» የሚል መስመር ጨመርኩ። እስካሁን አንድም ሰው ተጭኖት አያውቅም።

«ክሎንዚላ ነጻ ነውና የቀዳሁትም ነጻ ነው»

አንዱን ኮምፒውተር አሳምሮ አዘጋጅቶ፣ ሙሉ ዲስክ በሚገለብጠው ክሎንዚላ ወደ 20 ኮምፒውተር መገልበጥ የትምህርት ቤት ላብ ላይ የተለመደ ነው። ክሎንዚላ ጂፒኤል ነው፤ ውስጡ ያለው ዊንዶውስ ግን አይደለም። ከኮምፒውተር ጋር ተገዝቶ የመጣ ዊንዶውስ ፈቃዱ ከዚያው ማሽን ጋር የታሰረ ነው። ምሳ ዕቃው የእኔ ስለሆነ ምሳው የእኔ አይሆንም።

«ቢበላሽ ሠሪዎቹ ይጠየቃሉ»

አይጠየቁም። ከላይ የጠራኋቸው የኦፕን ሶርስ ላይሰንሶች ሁሉ ዋስትና እንደማይሰጡ ጽፈዋል። ለደንበኛው ቃል የገባነው እኛ ነን። ስለዚህ ውል ላይ የምጽፈው ፋይሉን በየወሩ መልሼ እንደምሞክር ነው።

የፒያሳው ጋሼም ጋ በወሩ ተመልሼ ሄድኩ። ፋይሉ በደንብ ተመለሰ። የባክአፑን ሃርድ ዲስክ የት እንዳስቀመጡት ስጠይቃቸው የኮምፒውተሩን ጠረጴዛ መሳቢያ ከፍተው አሳዩኝ።

«ጋሼ፣ እሱ እንኳ ማታ ማታ ቤት ይሂድ» አልኳቸው።