ስቴንለስ አልበሳ ሲለኝ የሠራልኝ ፑንታ

3 ሚሊ ውፍረት ያለው 304 የተባለ የስቴንለስ (የማይዝግ ብረት) ዓይነት ላይ 6 ሚሊ ቀዳዳ ለማውጣት ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ተራው ፑንታ (የትራፓኖ መብሻ ጫፍ) ሁለቴ በስቶ ጫፉ ሰማያዊ ሆነ። ከዚያ ብጫነውም መፋተግ ብቻ። ስቴንለስ ሳይቆረጥ ከተፋተገ ቦታው ይጠነክራል፤ አዲስ ፑንታም ይቸግረዋል።

ሙሉ በሙሉ ከካርባይድ (ከተራው ፑንታ ብረት በጣም የሚጠነክር ቁስ) የተሠራ ፑንታ ገዝቼ በእጅ ትራፓኖ ሞከርኩ። እጄ ትንሽ ዘንበል ሲል ቀጭ ብሎ ተሰበረ። በጣም አናደደኝ። ካርባይድ ጠንካራ ነው፣ ግን መታጠፍ አይችልም።

በመጨረሻ ብረቱን በሞርሳ አጥብቄ በቋሚ ትራፓኖ በሳሁት። ፑንታው ካርባይድ ነው፤ ጫፉ 140 ዲግሪ፣ ቲታኒየም አሉሚኒየም ናይትራይድ የሚባል ሙቀት የሚቋቋም ሽፋን የተቀባ። በደቂቃ 2,500 ዙር ገደማ፣ ማቀዝቀዣው ሳይቋረጥ፣ መሃል ላይ ሳላቆም። እያቋረጡ ማፍሰስ የጋለ ካርባይድ ይሰነጥቃል። አጫጭር ጥቅልል ፍቅፋቂ ወጣ፣ ቀዳዳውም ንጹሕ።

ቋሚ ትራፓኖ ከሌላችሁ ካርባይዱን ተዉት። 5 በመቶ ኮባልት ያለውን ፑንታ በ500 ዙር፣ ከመቁረጫ ዘይት ጋር ተጠቀሙ።