የድሮ የፈረሰኛ ጎራዴ ካገኛችሁ ለማብረቅረቅ አትቸኩሉ

የድሮ የፈረሰኛ ጦር ጎራዴ ለምትሰበስቡ አንድ ምክር አለኝ። ጎራዴው እጃችሁ እንደገባ ብርጭቆ ወረቀት አታንሱ! መጀመሪያ ደንደሱን፣ ማለትም የማይቆርጠውን ጀርባውን፣ ከእጀታው አጠገብ ጀምራችሁ መብራት በጎን እያበራችሁ እዩት። በ19ኛው ክፍለ ዘመን በተሠሩ ብዙ የፈረንሳይ ጎራዴዎች ላይ የፋብሪካው ስም፣ ወሩና ዓመቱ እዚያው በደቃቅ የእጅ ጽሕፈት ተቀርጾ ይገኛል። የፈረንሳይ የጦር መሣሪያ ፋብሪካዎች የነበሩባቸውን ክሊንገንታል ወይም ሻተልሮ የሚሉትን የቦታ ስሞች ካነበባችሁ የት እንደተሠራ አወቃችሁ ማለት ነው። የተቀረጸው ጽሑፍ ግን በጣም ስስ ነው። ትንሽ ከተፈተገ ይጠፋል፤ ዋጋውም አብሮ ይወርዳል።

ብረቱ ጠቆር ቢል አያሳስባችሁ፣ የዕድሜ መልክ ነው፤ እንዳለ ተዉት። ቀይ ሆኖ ሲነኩት የሚረግፍ ዝገት ግን ብረቱን እየበላው ነው። እሱን ስስ የማሽን ዘይት ቀብታችሁ፣ ትንሽ አቆይታችሁ፣ በለስላሳ ጨርቅ ቀስ እያላችሁ አንሱት። በባዶ እጅ የነካችሁትንም ቦታ ጥረጉት፤ ላብ ያዝገዋል።

አፎቱ ቆዳ ከሆነ ደግሞ ጎራዴውን ከነአፎቱ አታስቀምጡ። ቆዳ እርጥበት ስለሚይዝ ብረቱን ሳታዩት ውስጥ ለውስጥ ይጨርሰዋል። ለየብቻ፣ ደረቅ ቦታ አኑሯቸው።