ርካሹ ጠመንጃ ኢላማ ሲስት፦ ከምልክቱ እስከ መፍትሄው

አሜሪካ ውስጥ አጋዘን አዳኞች የሚገዟቸው እንደ ሳቬጅ አክሲስና ረገር አሜሪካን ያሉ ጠመንጃዎች ዋጋቸው ዝቅ ያለ ነው። ሁለት ሦስቴ ሲስቱ "ድሮስ ርካሽ ነገር!" ይባላል። እኔ ግን ብረቱን ቶሎ አትውቀሱት እላለሁ። ፋብሪካው ብዙውን ጊዜ ገንዘብ የቆጠበው ሰደፉ፣ ካዝናውና አብሮ የመጣው የማነጣጠሪያ መነጽር ላይ ነው። የሳቬጅ አፈሙዝ የሚታሰረው በዳዶ ነው። ይህ ወጪውን እንጂ ጥራቱን አልቀነሰውም።

ምንም ከመንካታችሁ በፊት ካዝናውን አውጡ። ማቀባበያውን ስባችሁ ውስጡ ጥይት አለመኖሩን በዓይንም በጣትም አረጋግጡ።

ጥይቱ ይበታተናል

በ100 ያርድ፣ ማለትም 91 ሜትር ገደማ ላይ፣ 5 ጥይት በ4 ሳንቲሜትር ውስጥ ካረፈ ለአጋዘን ይበቃል። ከዚያ በጣም ከሰፋ መጀመሪያ የመነጽሩን ብሎኖች ፈትሹ። እኔ አንድ ሙሉ ፓኬት ጥይት ከጨረስኩ በኋላ ነው መነጽሩን በእጄ የነካሁት። ተወዛወዘ! የኋላው ብሎን ላልቶ ነበር። ቀጥሎ ብረቱን ከሰደፉ ጋር የሚያያዙትን ብሎኖች መመሪያው በሚለው ልክ አጥብቁ።

አሁንም ካልተስተካከለ ብጣሽ ወረቀት በአፈሙዙና ከሥሩ ባለው የሰደፉ ፕላስቲክ መካከል አስገብታችሁ ወደ ኋላ ጎትቱ። የእኔው ወረቀት ጫፉ ጋ ያዝ አደረገው። ፕላስቲኩን በአውራ ጣቴ ጫን ስለው ደግሞ ጭራሽ አልነቃነቅ አለ። ፕላስቲኩ አፈሙዙን እየገፋው ነበር ማለት ነው። የነካበትን ቦታ በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ ፋቅኩት። ስትተኩሱም መደገፊያውን ከጫፉ አርቃችሁ ወደ ካዝናው አስጠጉት።

የመጀመሪያዎቹ 3 ጥይቶች ገጥመው ቀጣዮቹ ከሸሹ፣ ቀጭኑ አፈሙዝ ሞቋል። እስኪበርድ ጠብቁ። ክብደታቸው የተለያየ ሦስት ዓይነት ጥይትም ሞክሩ፤ እያንዳንዱ ጠመንጃ የሚወደው አለው።

ይነክሳል፣ ይከሽፋል

ጥይት አልገባ ካለ ካዝናውን ጠርጥሩ፤ ሌላ አስገብታችሁ አወዳድሩ። ባዶ ቀለህ አልወጣ ካለ ጥይት የሚገባበትን ቤት ወልውሉ። ጥይት ሲከሽፍ አፈሙዙን ከኢላማው ሳታነሱ ቢያንስ 30 ሰከንድ ቆዩ፤ ዘግይቶ ሊተኮስ ይችላል። ከዚያ ቀለሁን እዩ። የመርፌው ምልክት ቀላል ከሆነ የማቀባበያው ውስጥ በቅባት ተዝጎ ሊሆን ስለሚችል አጽዱት። ጥልቅ ከሆነ ጥፋቱ የጥይቱ ነው።

ቃታ ሳይሳብ ይተኩሳል

እዚህ ላይ ሙከራ የለም። የጠመንጃ አምራቹ ሬሚንግተን በ2014 ሞዴል 700 ጠመንጃዎቹን ለጥገና የጠራው፣ በቃታው ክፍል የተረፈ ማጣበቂያ ሳይታሰብ ሊያስተኩስ ስለሚችል ነበር። ሞዴል 700 ደግሞ ከርካሾቹ አይደለም። ጥይቱን አውጡና ጠመንጃውን ለባለሙያ ስጡ። እስኪመለስ አንድም ጥይት አታጉርሱት።